መደብ የሌለው ሙያ፦ ስለ አንጎል ምስል ምርምር ሥልጠና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለዩኒቨርሲቲያችን የምርምርና የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለማስተማሪያ ሆስፒታሉ የሰው ሀብት ክፍል

ጉዳዩ፦ የአንጎል ምስል ሥልጠና ማስታወቂያው እንዲታረምና የሙያው የሥራ መደብ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ኅዳር ራዲዮሎጂ ክፍል ኮሪደር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። በአንጎል ምስል ትንተና የ6 ወር የውጭ አገር ሥልጠና፣ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ፣ ለሁለት ሰው። ደብዳቤው ከእናንተ ዘንድ የወጣበት ቀንና ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን 12 ቀን ይራራቃሉ። እኛ ጋ የደረሰው ግን ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ እሑድ ነበር። መዘግየቱን እንኳ ለምደነዋል። አልዋጥ ያለን «ተፈላጊ ችሎታ» ከሚለው ሥር የሰፈረችው አንዲት መስመር ናት፦ «ስፔሻሊስት ሐኪም የሆነ/ች ብቻ»።

ይህን የምንጽፈው 14 ሰዎች ነን። አምስታችን የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቶች ነን። የቀሩት ሦስት የባዮሜዲካል መሐንዲሶች፣ ሁለት የሥነ ልቦና መምህራን፣ ሁለት የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቃን፣ አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያና አንድ የኒውሮሎጂ ሬዚደንት (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን የአንጎል ምስል ትንተና መማማር ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የምስል መተንተኛ ፕሮግራሞቹ፣ ከኦክስፎርድ የወጣው ኤፍኤስኤል፣ ከለንደን የወጣው ኤስፒኤም፣ ከቦስተን የወጣው ፍሪሰርፈር ለምርምር በነፃ ይሰጣሉ፤ ሌሊት ኔትወርኩ ሲለቅ እናወርዳለን። የምንለማመደው ኦፕንኒውሮ በተባለ የኢንተርኔት የምስል ማከማቻ ላይ ለማንም ክፍት በሆኑ የሌላ አገር ሰዎች የአንጎል ምስሎች ነው። የአንጎል ሳይንስ ስሌት የሚያስተምረው ኒውሮማች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢንተርኔት ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከመካከላችን ሦስቱ ገብተው ጨርሰዋል፤ ክፍያው በተማሪው አገር ኑሮ ስለሚተመን ከኪሳቸው ችለውት ነው። እንግዲህ ሐኪም ያልሆነ ብቁ ሰው አይገኝም ከተባለ፣ ማን ፈልጎ ነው ያጣው?

የመጀመሪያው ቅሬታችን እዚችው መስመር ላይ ነው። ፊልም አንብቦ ዕጢ አለ፣ ደም ፈስሷል ብሎ ሪፖርት መጻፍ የራዲዮሎጂስት ሥራ ነው፤ እሱን የሚሻማ ከመካከላችን የለም። የአንጎል ምስል ምርምር ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው በማግኔት ምስል በሚያነሣው ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ተኝቶ ቃል ሲያነብ የትኛው የአንጎሉ ክፍል የበለጠ ደም እንደሚስብ መለካት፣ በምጥ የታፈኑ ሕፃናት አንጎል ከእኩዮቻቸው በምን እንደሚለይ ማነጻጸር፣ ይህንና የመሳሰለው ነው። የሚነበበውን ቃል የሚመርጥ የሥነ ልቦና ሰው ያስፈልገዋል። ኮንሶሉ (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ላይ ተቀምጦ ሰውየው ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ አይቶ የሚያስቆም ቴክኖሎጂስት ያስፈልገዋል። ቁጥሩን የሚያበጥር ሰውም ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ የሞተ ሳልሞን ዓሣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ «አሳዩት»፤ አንጎሉ ውስጥም «እንቅስቃሴ» ተገኘ። ዓሣው ነፍስ አልዘራም። ብዙ ሺህ ነጥቦች አንድ ላይ ሲፈተሹ መደረግ ያለበትን የስታቲስቲክስ እርማት ቢተዉት ምን እንደሚመጣ ለማሳየት ነው። የእኛ የስታቲስቲክስ ባለሙያ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይህን ታሪክ ሳይተርክ አያሳልፍም፤ ሰልችቶናል እንኳ። ማስታወቂያው በሩን የዘጋው እሱም ላይ ነው።

በማስታወቂያው መስፈርት ቢሄዱ ኖሮ ሲቲ ስካንን የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው ማመልከት አይችሉም ነበር። ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የኢኤምአይ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እንኳ አልነበረውም። በእሱ ማሽን የመጀመሪያዋ ታካሚ ጭንቅላት የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን፣ አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ነው። ከእሱ በፊት ስሌቱን ያሰበው አለን ኮርማክ ደግሞ ፊዚሲስት ነው፤ ያውም የደቡብ አፍሪካ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1956 ኬፕታውን ያለው ግሩት ስኩር ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያው ስለለቀቀበት ኮርማክን ከዩኒቨርሲቲው በሳምንት ለአንድ ቀን ተኩል ተዋሰው። ሐሳቡ የመጣለት እዚያ ቆሞ የጨረር ሕክምና ሲሰጥ እያየ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1979 የሕክምናውን ኖቤል ተካፈሉ። በኤምአርአይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተሸለሙት ፖል ላውተርበር ኬሚስት፣ ፒተር ማንስፊልድ ፊዚሲስት ነበሩ። አንድ ሆስፒታል በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ከተዋሰው ሰው ይህን ካተረፈ፣ እኛ እኮ በየቀኑ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነን።

ሁለተኛው ከማስታወቂያው ይሰፋል፤ ለእኛ ዋናውም ይኸኛው ነው። ሠልጥኖ የሚመለስ ሰው የሚቀመጥበት መደብ የለም።

አንድ ባልደረባችን በራሱ ጥረት የትምህርት ዕድል አግኝቶ አውሮፓ ሄደ። ሁለት ዓመት በኤምአርአይ ምስል ትንተና ማስተርሱን ሠራ። የግዴታ ውል ፈርሞ፣ ዋስ ጠርቶ ነበር የሄደው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ዋሱን ፈርቶ ሳይሆን መመለስ ፈልጎ ነው የተመለሰው። ሰው ሀብት ክፍል ማስረጃውን አገላብጦ አየና «እንዲህ የሚባል መደብ መዋቅሩ ላይ የለም» አለው። ቀድሞ ወደነበረበት ኤክስሬይ ተመለሰ። 14 ወር የደረት ፊልም አነሣ፤ ደረጃውም ደመወዙም ሳይሄድ በፊት የነበረው ነው። ሐሙስ ግን አይቀርም ነበር። ዛሬ የምንጠቀምባቸውን የትንተና ስክሪፕቶች አብዛኛዎቹን የጻፈው እሱ ነው፤ የደረት ፊልም ሲያነሣ ከዋለ በኋላ፣ ማታ ማታ። ባለፈው ሰኔ ለቀቀ። አሁን አንድ የባሕረ ሰላጤው አገር ሆስፒታል ውስጥ ነው። በገባ በሳምንቱ በቴሌግራም ፎቶ ላከልን፤ ከአንገቱ የተንጠለጠለው መታወቂያ ብቻ ነው የሚታየው። ከስሙ ሥር «የምርምር ኤምአርአይ ቴክኖሎጂስት» ይላል። ግሩፑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መልስ የጻፈ ሰው አልነበረም፤ በመጨረሻ አንዷ «እንኳን ደስ አለህ» አለች።

መደብ ከሌለ ሌላውም ይቀራል። የውስጥ የምርምር ገንዘብ ጥሪ ሲወጣ ዋና ተመራማሪ መሆን የሚችለው በመምህርነት መደብ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ ቴክኖሎጂስቱና መሐንዲሱ «ድጋፍ ሰጪ» ናቸው። ዓምና ያስገባነው ፕሮፖዛል የሽፋን ገጹ ፊርማ የቴክኖሎጂስት ስለነበር ሳይነበብ ተመለሰ። አንድ ቃል ሳንለውጥ የሥነ ልቦና መምህራችንን ስም ከላይ አድርገን መልሰን አስገባነው። ተነበበ። ገንዘብ አላገኘም፤ ቢያንስ ግን ተነበበ።

ሦስተኛ፣ ማሽኑ። እኔ የቡድኑ አስተባባሪ የምሠራው ኤምአርአይ ክፍል ስለሆነ ይህንን ከቅርብ አውቀዋለሁ። ማግኔቱ የሚኖረው በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛ ቢኖርም ባይኖርም ማቀዝቀዣው አይጠፋም። የማታ ተረኛ ስሆን ኮሪደሩ ጭር ሲል «ችው፣ ችው፣ ችው» የሚለው ድምፅ በግድግዳው አልፎ ይሰማል። እሑድም እንዲሁ ነው። ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ምስል አይነሣም። ለምርምር እሑድ አራት ሰዓት ብቻ እንዲፈቀድልን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀናል። ለመጀመሪያው መልስ አልመጣም። ሁለተኛው «ማሽኑ ለሕክምና አገልግሎት የተገዛ ስለሆነ» ተብሎ ተመለሰ። ሦስተኛው የት እንደገባ መዝገብ ቤቱም አያውቅ። ማሽኑ እንዳይጎዳ መሥጋታችሁ ይገባናል፤ መለዋወጫው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ሲበላሽ ደግሞ ወራት ወረፋ የጠበቀ ሕመምተኛ ነው ከበር የሚመለሰው። ግን እሑድ የምንነካው እኛ፣ ሰኞ ጠዋት ለሕመምተኛው የምንነካውም እኛው ነን።

ከዚህ የሚብሰው የተነሡት ምስሎች ዕጣ ነው። የኮንሶሉ ዲስክ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። የምስል ማከማቻ ስላልተገዛ ከአሮጌው ጀምረን እንሰርዛለን። ሕመምተኛው ፊልሙን በትልቁ ፖስታ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሊለካና ሊተነተን የሚችለው ዋናው የዳይኮም ፋይል ግን ይጠፋል። አንድ ከሰዓት በገዛ እጄ የዓመት ከመንፈቅ ምስል አጥፍቻለሁ፤ ከውስጡ ብዙዎቹ የሚጥል በሽታ ታካሚዎች ነበሩ። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ የሚለውን ተጫንኩ፤ በር ላይ ሦስት ሰው ቁሞ ይጠብቃል፣ ዲስኩ ባዶ ቦታ የለውም።

የሚጥል በሽታ እዚህ አገር ምን ያህል እንደሆነ ካወቅንባቸው መንገዶች አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ያደረጉት ጥናት ነው፤ ከ60,000 በላይ ሰው አካትቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ በሽታው ነበረባቸው። ያንን የሠሩት በእግርና በመጠይቅ ነው። የወሊድ ጉዳት ነው? የድሮ ኢንፌክሽን ጠባሳ ነው? ለሚለው ቀጣይ ጥያቄ የሚረዳው ምስል እጃችን ላይ ገብቶ በዲስክ ጥበት እንሰርዘዋለን። በአብዛኛው ከናይጄሪያ የተሰበሰቡ የአንጎል ዕጢ ምስሎች እ.ኤ.አ. በ2023 ብራትስ አፍሪካ በተባለ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ቀርበው የተለያየ አገር ሰዎች ዕጢ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራማቸውን ፈትነውባቸዋል። እነዚያ ምስሎች የተገኙት ያላጠፋቸው ሰው ስለነበረ ነው።

አራተኛውን ባጭሩ። ከውጭ የምርምር ቡድን ሲመጣ ዳታ የምንሰበስበው እኛ ነን፤ ዲስኩ ከእነሱ ጋር ይሄዳል፣ ትንተናው እዚያ ይሠራል። በቅርቡ በታተመ አንድ ጽሑፍ ላይ ሰባት ወር የለፋች ቴክኖሎጂስታችን የምትገኘው ምስጋናው ውስጥ ነው፤ ስሟም ተሳስቶ ነው የተጻፈው። የትብብር ውሉን የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። «የአቅም ግንባታ ሥልጠና» የሚል አንቀጽ ነበረበት፤ የተፈጸመው በዙም የሁለት ሰዓት ገለጻ ነው።

በሌላ መንገድ መሄድ እንደሚቻል ማላዊን ማየት ይበቃል። ብላንታየር ያለው ኩዊን ኤልሳቤጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2008 ያገኘው ኤምአርአይ የማግኔት ጉልበቱ 0.35 ቴስላ ብቻ ነበር፤ ሌላ አገር ቢሆን ደካማ ተብሎ የሚናቅ ነው። ቴሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ፣ የማላዊ ባለሙያዎችም ጭምር፣ የአንጎል ወባ የያዛቸውን ሕፃናት በዚሁ ማሽን አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናታቸው ከሞቱት 25 ሕፃናት የ21ዱ አንጎል ገና ሆስፒታል ሲገቡ ክፉኛ አብጦ ነበር፤ ከተረፉት 143 እንዲያ የነበረው የ39ኙ ነው። እነዚህን ሕፃናት የሚገድላቸው ምንድን ነው ለሚለው የቆየ ክርክር ትልቅ ፍንጭ የተገኘው ከዚያች ማሽን ነው። እኛ ጋ ያለው ከእሷ አራት እጥፍ ይበረታል። ወባም አላጣንም።

የሥነ ልቦና ባልደረቦቻችን ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገር። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቆዳ ላይ የሚቀዳው ኢኢጂ ከኤምአርአይ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሮድ ያለበት ቆብ፣ ማጉያና ላፕቶፕ ይበቃዋል። ሃንስ በርገር ጀርመን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ላይ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ መቶ ዓመት አልፎታል። ባልደረባችን ስለ ንባብ ለማጥናት ፈቃድ ስትጠይቅ ግን «አንጎል የሐኪም ነው» ተባለች፤ ኒውሮሎጂስት አማካሪ ፈልጋ ፈቃዱን እስክታገኝ አምስት ወር ሄደ። ከዚያ ተሳታፊዎቿ መጡ። የበዓል ሰሞን ነበርና ብዙዎቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ አንዳንዶቹም ቅቤ ተቀብተው። ቆቡ ሹሩባው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ኤሌክትሮዱ ቆዳ አይነካም፤ በቅቤው ላይ ደግሞ ጄሉ አይይዝም። ማንም ሴት ለጥናት ብላ ትናንት የተሠራችውን አትፈታም፤ አይፈረድባትም። ከ22 ሴቶች የዘጠኙ ቀረጻ ተጣለ።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው አርኔል ኤቲየን ከባልደረቦቿ ጋር በሹሩባው መስመሮች መካከል ቆዳውን የሚይዝ ኤሌክትሮድ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ አድርጋለች። ያንን አንብበን አንዱ መሐንዲሳችን ከመርካቶ በገዛው የፀጉር መቆንጠጫ ተመሳሳዩን ሞከረ። ከሞላ ጎደል ሠርቷል፤ ቅቤውን ግን ገና አልቻልነውም። ሹሩባ ምን እንደሆነ ሊነገራቸው የማያስፈልግ ሰዎች ናቸው ይህን የሚፈቱት፤ እነሱም ሐኪሞች አይደሉም።

እኛም ጥፋት የለብንም አንልም። በመጀመሪያው ዓመት ጽሕፈት ቤቱን ሳናሳውቅ ለተማሪዎች የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥተን ቅር አሰኝተናችኋል፤ ትክክል አልነበረም። ከመካከላችን በማመልከቻ የሰነፍንም አለን። ይህ ግን ያን መስመር አያስተካክለውም። ነገሩ ደግሞ እየፈጠነ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃድ ያገኘው 0.064 ቴስላ ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይ ሂሊየም አይፈልግም፤ ከግድግዳ ሶኬት ተሰክቶ አልጋ ዳር ይሠራል። እንዲህ ያለው ነገ በእርዳታ መጥቶ ግቢ ውስጥ ሲወርድ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ከርሞ የሚመረቅ ማሽን እንዳይሆን ሰው ከወዲሁ መዘጋጀት አለበት።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ማስታወቂያው ተሽሮ «ስፔሻሊስት ሐኪም ብቻ» የሚለው በሥራ ልምድና በተግባር ፈተና ተተክቶ እንደገና ይውጣ፤ የማመልከቻ ጊዜውም በየክፍሉ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈበት ቀን ይቆጠር እንጂ ደብዳቤው ከተፈረመበት ቀን አይሁን። ሬዚደንታችን በአሁኑ መስፈርትም በሚቀጥለው ዓመት ብቁ ይሆን ነበር፤ ይህን ደብዳቤ አብሮን ፈርሟል።

የአንጎል ምስል ምርምር ባለሙያ የሚል መደብ፣ ለጊዜው ሁለት ቢሆንም፣ በመዋቅሩ ውስጥ ይከፈት። በመደቡ ላይ ያለ ሰው ፕሮፖዛል በስሙ ማስገባት ይችል ዘንድ መመሪያው አብሮ ይስተካከል። ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉን ይህንን እንመርጣለን።

እሑድ ከ3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ኤምአርአዩ ለምርምር ይፈቀድልን፤ ለሙከራ ሦስት ወር። ድንገተኛ ሕመምተኛ ከመጣ ወዲያው እንለቃለን፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አንጠይቅም።

የምስል ማከማቻ እስኪገዛ ድረስ ውጫዊ ዲስኮች ተገዝተው ምንም ምስል ሳይገለበጥ እንዳይሰረዝ በጽሑፍ ይታዘዝ፤ የታካሚ ስም እንዴት እንደሚነሣለትና ማን እንደሚያየው የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይወስን። የዲስኮቹን ፕሮፎርማ ከሦስት ሱቅ ሰብስበን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። ከውጭ ቡድኖች ጋር ወደፊት በሚፈረመው ውል ላይም የትንተና ሥልጠናው ለስንት ሰው፣ ለስንት ሳምንት፣ የት እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ፤ የዳታው ቅጂ እዚህ ይቅር፤ የሠራ ሰው ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ይግባ።

የቀደሙት ሦስት ደብዳቤዎቻችን ፍሬ ስላላፈሩ ይህን በአደባባይ ማውጣት ግድ ሆኖብናል። መልሳችሁን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ፊት ለፊት መነጋገር ከመረጣችሁም ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ከራዲዮሎጂ ኮሪደር መጨረሻ፣ በስተግራ ባለው ክፍል አለን።

ከሠላምታ ጋር

የአንጎል ምስል ጥናት ቡድን አባላት፣
በቡድኑ ስም፦ የቡድኑ አስተባባሪ፣ የኤምአርአይ ክፍል ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት